ማን ቆለፈው?

ቁልፍ ቀራጩ አንድ ሕግ ነበረው። በር ይሁን ሣጥን፣ የተቆለፈ ነገር ክፈትልኝ ብሎ የመጣ ሰው በመጀመሪያ "ማን ቆለፈው?" የሚለውን ጥያቄ ካልመለሰለት መሣሪያውን አያነሣም። ደንበኞቹ ይሥቁበታል። "ኧረ እኔው ነኝ፣ ቁልፉን ውስጥ ረስቼው ነው!" ይሉታል። እሱ አይሥቅም። ገና ጀማሪ ሳለ አንድ ሰውዬ እያጣደፈ ወስዶ የመኝታ ቤት በር አስከፍቶት ነበር። በሩ ሲከፈት አልጋው ጠርዝ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ባሏን ፈርታ ከውስጥ የቆለፈችው እሷ ነበረች። ዞራ ያየችው አስተያየት ከሃያ ዓመት በኋላም አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የጣሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በገዛ ወንድሙ ላይ።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ናት፤ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ሆዱን ሰብስቦ ነው የሚገባው። ግድግዳዋ ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች በመደዳ ተሰቅለዋል። ጥግ ላይ ለመኪና ቁልፍ ሥራ የገዛው ኮምፒውተር አለ። ከአራት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ጨዋታውን የጫነለት እዚያ ላይ ነው።

ጨዋታው በኦንላይን ከብዙ ሺህ ሰው ጋር የሚጫወቱት ዓይነት ነው። ተጫዋቹ አንድ "ጀግና" ይፈጥራል፤ ጀግናው ጭራቅ በገደለ ቁጥር ልምድ ይጠራቀምለታል፤ ልምዱ ሲሞላ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ጣሪያው ሰማንያ ነው። ታናሽየው ማተሚያ ቤት የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ የማሽን ኦፕሬተር ነበር፤ ከሥራና ከእንቅልፍ የተረፈውን ዕድሜውን በሙሉ የሰጠው ለዚሁ ጨዋታ ነው። ሃርድኮር የሚሏቸው ዓይነት ተጫዋች ነበር። ትልቁ ጀግናው ሰማንያ ከደረሰ ቆይቷል። አንዲት ጦር ፍለጋ ያንኑ ዘንዶ መቶ አርባ ጊዜ ገድሎታል። እናታቸው "ይሄን ያህል ትምህርትህ ላይ ብትተጋ ዛሬ ሐኪም ነበርክ" ስትለው "ታዲያ ዘንዶውን ማን ይግደልልሽ?" ይላታል።

ቁልፍ ቀራጩ የሚጫወተው ግን ወንድሙን ደስ እንዲለው ብሎ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ ሲሳሳ፣ ግማሽ ሰዓት። እሷንም ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው ያቋርጣታል። በአራት ዓመት ውስጥ ጀግናውን ያደረሰው ሃያ ሦስት ላይ ነው፤ ሃርድኮሮቹ በሁለት ቀን የሚጨርሱት መንገድ መሆኑ ነው። ታናሽየው ለቅዳሜ ብቻ ብሎ ሁለተኛ፣ ትንሽ ጀግና ፈጠረ። ቡናማ ካባ የለበሰ፣ ቆሞ ሲጠብቅ ጭንቅላቱን የሚያክ። የእሱ ደረጃ ሃያ ስምንት ነበር።

"ለምንድን ነው ሁልጊዜ አምስት የምትበልጠኝ?" አለው አንድ ቀን ቁልፍ ቀራጩ።

"ጋሼ፣ አንተን ይዞ የሚሄድ ሰው ከፊት መቆም አለበታ! በአንድ ጥፊ ነው የምትወድቀው።"

በጨዋታው ዓለም ከአንድ ረግረግ ማዶ፣ ሁለት ሆኖ ለመጣ ብቻ የሚከፈት የድንጋይ በር አለ። ከበሩ ጀርባ ኩሬ አለ፤ ከኩሬው አጠገብ ሁለቱ ወንድማማቾች እንጨት እየለቀሙ የሠሯት ጎጆ። ቅዳሜያቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ዓሣ እያጠመዱ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ታናሽየው ቀልድ የሚጽፈው እሱ ላይ ነው። "ዛሬ የያዝከው ዓሣ ሕፃን ነው፣ መልስልኝ። ፊርማ፦ እናቱ።" ቁልፍ ቀራጩ ይህን አንብቦ ደንበኛ ፊት ብቻውን ሲንከተከት፣ ሰውዬው ቁልፉን ይዞ በጥርጣሬ አይቶት ሄዷል።

በመጨረሻዋ ቅዳሜ አልገባም። የአንድ መድኃኒት ቤት ሣጥን እምቢ ብሎ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ወንድሙ በስልክ "መጣህ?" ሲለው "መጣሁ፣ መጣሁ" አለው፤ ሣጥኑ ግን እስኪመሽ አልከፈት አለ። ሰኞ ታናሽየው መልሶ ደወለ። "ችግር የለም ጋሼ። ሰሌዳው ላይ ጽፌልሃለሁ፤ ስትገባ ታነበዋለህ።" ማክሰኞ ማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እናታቸው የሟቹን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ ሱቁ ድረስ አመጣችው። "አንተ ታውቅበታለህ። እኔ ስከፍተው ድምፅ ያሰማል፣ አልቻልኩም" አለች። የምን ድምፅ እንደሆነ የገባው ራሱ ሲከፍተው ነው። ጨዋታው ሳይዘጋ ነበር የቀረው። ባለ ካባው ከድንጋዩ በር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጫማው ጠጠሩን ክሽ እያደረገ፣ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው እግሩ ይደገፋል። ጭንቅላቱን ያካል። የቁልፍ ቀራጩ ቆሌ ተገፈፈ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ተቀመጠና አለቀሰ።

ወዲያው በላፕቶፑ ማያ ግርጌ ጽሑፍ ይጎርፍ ጀመር። የወንድሙ የጨዋታ ቡድን አባላት ናቸው፤ የሟቹ ስም ድንገት አረንጓዴ ሲበራባቸው ደንግጠዋል። አንዱ "አንተ ነህ እንዴ?" ብሎ ጻፈ። ሌላዋ "ፈጣሪ ሆይ!" አለች። ቁልፍ ቀራጩ በሁለት ጣቱ እየለቀመ "ታላቅ ወንድሙ ነኝ" ብሎ ጻፈላቸው። የቡድኑ አለቃ፣ እትዬ ጋሻ የሚሏት፣ በሌላ ከተማ የምትኖር ነርስ ናት፤ ስሙን ያገኘችው ጋሻ ይዛ ሁልጊዜ ከፊት ስለምትሄድ ነው። "ጋሼ ማለት አንተ ነህ? ስንቱን ነገር አውርቶልናል!" ብላ ጻፈች።

ሰሌዳው እዚያው፣ ከበሩ ጀርባ ነበር። ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አድርጎ ሁለቱን ጀግኖች በሩ ላይ ቢያቆም፣ ያን ቀን ገብቶ ባነበበው ነበር። ፈራ። የቀረባትን ቅዳሜ ፈራ። "ልጁ ምን ብሎ ጽፎ ይሆን? እንደ ልማዱ ቀልዶ ይሆን? ወይስ ተቀይሞ?" ምክንያት ፈለገ፤ ምክንያት ደግሞ ለፈለገው ሰው ሞልቷል። የባለ ካባውን ገጽ ሲገልጥ የልምዱ መስመር ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሃያ ዘጠኝ ለመግባት አንዲት ጠብታ ጎድሎት አየ። ከመስመሩ አጠገብ ልምድ እንዳይጨምር የሚያግድ ቢጫ ጓጉንቸር ተሥሏል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ሰው ሙሉ የሥራ ዘመኑን "ማን ቆለፈው?" ሲል ኖሮ፣ መጠየቅ በሚገባው ሰዓት ምላሱ ይታሰራል። ባለቤቱ ስለሞተ ጨዋታው ራሱ የቆለፈበት መሰለው። ለቁልፍ ቀራጭ የተቆለፈ ነገር ሥራ ነው፤ እጁ ከአሳቡ ቀደመና ጓጉንቸሩን ነካው። ጨዋታው "ይከፈት?" ሲል ጠየቀ። "አዎ" አለ። የመጀመሪያውን ጭራቅ፣ አንድ የረግረግ ጉርጥ፣ ሲገድል ባለ ካባው በብርሃን ተጥለቅልቆ ሃያ ዘጠኝ ገባ።

"ከፈትከው?" ብላ ጻፈች እትዬ ጋሻ፤ ደረጃ ሲለወጥ ለቡድኑ ይታያል።

"አዎ። ጀምሮ የተወውን ልጨርስለት ነው። ሰማንያ አድርሼው፣ ያን ጊዜ ወደ ጎጆው ይዤው እገባለሁ።"

ሁለት ጊዜ መጻፍ ጀምራ አጠፋችው። በኋላ "እሺ ጋሼ፣ እናግዝሃለን" አለች።

ወገቡን አስሮ ገባበት። አንድ ደረጃ ለመውጣት አራት መቶ የድንጋይ ጉርጥ መግደል ያስፈልጋል፤ ከአርባ በኋላ ሰባት መቶ፣ ከስድሳ በኋላ መቁጠሩን ተወው። ተጫዋቾቹ ይህን ልፋት ግራይንድ ይሉታል። ለእሱ ቁልፍ ከመሞረድ አልተለየበትም፤ ያው እጅ፣ ያው ቦታ፣ ደጋግሞ። ረፋድ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው ሳይቀር ይገድላል። ሁለት ጊዜ ቁልፍ አሳስቶ ቀረጸ። ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ሟቹን ያስነሣልሃል?" አለችው። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ትንሽ እያስነሣለት ነበር። የጫማው ክሽታ ሲሰማ ወንድሙ ከበስተኋላው የቆመ ይመስለዋል። አንዳንዴ ዞር ብሎ ያያል። ያለው ግድግዳና ያልተቀረጹ ቁልፎች ነው።

በሰባተኛው ወር ባለ ካባው ሰማንያ ገባ። የቡድኑ አባላት ርችት ተኮሱለት። ቁልፍ ቀራጩ እንባውን ጠርጎ የራሱን ጀግና በሱቁ ኮምፒውተር አስነሣና ሁለቱን በድንጋዩ በር ላይ አቆማቸው። በሩ አልተከፈተም። "የሁለታችሁ ልዩነት ከአምስት ደረጃ በልጧል" የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግሞ ሞከረ። ያው ነው። እትዬ ጋሻን በድምፅ ጠራት።

"ይሄ በር ተበላሽቷል እንዴ?"

"የትኛው በር?"

"የኩሬው ነዋ! እኔ ሃያ ሦስት ነኝ፣ እሱ ሰማንያ።"

በማዳመጫው ውስጥ ትንፋሿ ተሰማው። "ጋሼ... ልጁ ለምን የቆለፈው ይመስልሃል?"

"እሱ ነው እንዴ የቆለፈው?"

"ሌላ ማን ይቆልፈዋል? አምስት ደረጃ ከበለጠህ አብራችሁ መግባት አትችሉም። አንተ ቀስ ትላለህ፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከጀመረ መቆም አያውቅም። ሳያስበው እንዳያልፍህ ብሎ፣ አንተ ስታድግ ብቻ እየከፈተ፣ አራት ዓመት ሲቆልፈው ኖረ። እኛ ስንስቅበት 'ጋሼ እስኪመጣ ነው' ይለን ነበር። ስትከፍተው እያወቅህ መስሎኝ... የራስህ ወንድም ነው ብዬ ምን ልበል?"

"መልሶ ማውረድ አይቻልም?"

"አይቻልም ጋሼ። መውጣት እንጂ መውረድ የለውም።"

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያቺ አልጋ ጠርዝ ላይ የነበረች ሴት ዞራ አየችው።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ የራሱን ጀግና ከሃያ ሦስት ሰባ አምስት ማድረስ። አሁን እገዛ አልፈለገም፣ እትዬ ጋሻንም በትሕትና መለሳት። ላፕቶፑን ጎኑ ከፍቶ ባለ ካባውን በሩ ላይ አቆመው፤ ልክ እንደ ድሮው ይጠብቀው ብሎ። እሱ ረግረጉ ውስጥ ጉርጥ ሲገድል፣ ያኛው ጠጠሩን ክሽ እያደረገ ጭንቅላቱን ያካል። ጀግናው ደካማ ነው፤ ከፊቱ የሚቆምለት የለም፤ በአንድ ጥፊ ይወድቃል። እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ አሥራ አራት ወር ፈጀበት። በቅዳሜዋ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢሆን ዕድሜው አይበቃውም ነበር። ሃርድኮር ሆነ፤ ያን የወንድሙን እብደት በስተርጅና ተማረው፤ የሚያስተምረው ሰው ከሄደ በኋላ።

ሰባ አምስት የገባው ቅዳሜ ነው፣ ከምሳ በኋላ። በሩ ያለ አንዳች ድምፅ ተከፈተ። ኩሬው እንደነበረ ነው። ጎጆዋ እንደነበረች ናት። ባለ ካባውን በራፉ ላይ አቁሞ ብቻውን ገባና ሰሌዳው ሥር ቆመ። ማንበብ ከመጀመሩ በፊት የሱቁን በር ዘጋ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ቀረህ። ሣጥኑ አሸንፎህ ነው አይደል? እኔ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ከዚህ አልወጣሁም፤ ዛሬ አምስት ዓሣ ይዤ አምስቱንም ለቀቅኳቸው። አሁን ወጥቼ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ። ግድ የለም፣ አልተቀየምኩም። የእኔን ቆልፌዋለሁ፣ የትም አልሄድም። አንተም ናፍቆህ ብቻህን እንዳትጫወት፣ እንዳታድግብኝ! ሃያ ሦስት ላይ ጠብቀኝ።"

ሦስት ጊዜ አነበበው። ማያው ጥግ ላይ፣ ከጀግናው ስም አጠገብ፣ ሰባ አምስት የሚለው ቁጥር ይበራል። የወንድሙን ጓጉንቸር ከከፈተ ወዲያ ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ይህን ቃል ለማንበብ 'እንዳታድግብኝ' የሚለውን ቃል ማፍረስ ነበረበት። ውጭ አንድ ደንበኛ በሩን ቆረቆረ፤ መልስ ሲያጣ ሄደ። ከላፕቶፑ የጫማው ክሽታ ይሰማል።

የራሱን ጀግና ገጽ ገለጠ። ከልምዱ መስመር አጠገብ ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ነካው። ጨዋታው "ይቆለፍ?" አለው።

"አዎ" አለ ቁልፍ ቀራጩ ድምፁን አውጥቶ፤ ቆለፈውም፤ ሃምሳ ሁለት ደረጃ ካለፈ በኋላ።