የአባባ የስኳር ቅጠል

አባባ ለስኳር በሽታው የሚጠጣውን ቅጠል ስም ለማንም አይናገርም ነበር። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ ከአባቱ የወረሰው ከነሕጉ ነው። እስራኤል አገር ቤርሼባ ከገባን ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆነንም ሕጉ አልላላም። ከጎንደር አዲስ የሚመጡ ሰዎች ደረቁን ቅጠል ያመጡለታል፤ እሱ አውቶቡስ መናኸሪያው፣ ታሃና መርካዚት ድረስ በእግሩ ሄዶ ይቀበላቸውና ጎሕ ሲቀድ፣ ከሰው ሳይነጋገር፣ በረንዳው ላይ ይወቅጠዋል። በዚያ ሰዓት «እንደምን አደርክ» ያለው ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ይኮረፋል።

እኔ ያኔ ለስኳር ይሆናሉ የሚባሉ ቅጠሎች በአይጥ ላይ በሚሞከሩበት ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጦቹን እመግብ ነበር። ኃላፊው ስለ አባባ ሰምቶ ሽኩና ጊሜል ሰፈር ያለው ቤታችን መጣ፤ እኔ አስተረጎምኩ። የቅጠሉን ስም ካላወቀ ሊሞክረው እንደማይችል በትሕትና ነገረው። አባባ ስሙን አልሰጥም አለ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነው።

«አይጥ ምን ታውቃለች? እኔው በራሴ ሞክሬ አሳየዋለሁ» አለኝ።

ሁለት መድኃኒት በአንድ ሆድ አይስማማም ብሎ ሐኪም ያዘዘለትን የኢንሱሊን መርፌ ተወ። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ ነርስ አመጣሁበት። ከድንጋይ ጋር መሟገት ይቀላል።

እግሩ ከደነዘዘ ቆይቷል። አንድ ቀን ከታሃና መርካዚት ሲመለስ ጫማውን ባወልቅለት ጠጠር ወደቀ፤ ካልሲው በደም ርሷል። ያን ሁሉ መንገድ ረግጦት ሲመጣ አልተሰማውም። ቁስሉ አልድን አለ፤ ሐኪሞቹ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ዋልኩ። እንባ አልመጣም። ምንም አልመጣም። የሆነ ሰው ሻይ ሰጠኝ፤ በእጄ እንደያዝኩት ቀዘቀዘ።

ከቀናት በኋላ ኃላፊው ሊጠይቀው መጣ። አባባ ከትራሱ ቀና አለ።

«ንገሪው። ግራዋ ነው። ከእንግዲህ ቢረክስም ይርከስ፤ ለሌላው በሽተኛ ይሁን።»

ግራዋ። ጎንደር እናቴ የጠላ እንስራ የምታጥብበት ቅጠል። ሲወቅጠው መራራ ሽታው እስከ ጓዳ ይገባል፤ ድሮውንም አውቄ ዝም ብዬ ነበር። ቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይም እኔ ሳልቀጠር በፊት ጀምሮ በጠርሙስ ተቀምጧል። ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህንንማ ሞክረነዋል፣ የአይጦቹን ስኳር ትንሽ ያወርዳል፣ ኢንሱሊንን ግን አይተካም አለኝ በዕብራይስጥ።

አባባ አፍ አፌን ያያል።

«ምን አለ?»

«ሰምቼው አላውቅም ነው የሚለው፣ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ ይልሃል።»

ራሱን ነቀነቀና ብርድ ልብሱን በቀረው እግሩ ላይ ሳበ።

«እንግዲያ ለእሱ መንገሬ ይበቃል። አንቺ ለሰው እንዳትናገሪ» አለኝ።

አልናገርም አልኩት።