የሰባት ቤት ቆጠራ

ዘር በመቁጠር አባቴን የሚያህል የለም። በቡሬ ዙሪያ ሠርግ ሲታሰብ፣ ሙሽሮቹ እንዳይዛመዱ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያጣሩት እሳቸው ናቸው። በእኛ ቤት ግን ጉድለት ሁሉ በእናቴ በኩል የመጣ ነው፤ ቁጣዬም፣ የተጣመመው ጥርሴም።

አምና ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ታከምኩ። ደግነቱ ክፉ አልነበረም። ሐኪሟ ግን የጡት ካንሰር አንዳንዴ በዘር እንደሚመጣ ነግራኝ፣ ከቤተሰቤ በጡት ሕመም የሞተች ሴት ካለች ጠይቄ፣ ጽፌ እንድመጣ አዘዘችኝ።

አባቴ ጥያቄዬን ሲሰሙ ሽማግሌ የተላከባቸው ይመስል ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "በእኔ በኩል እንከን የለም" ብለው ሰባቱን ቤት ሳይተነፍሱ ቆጠሩልኝ። አንድም ሴት አልነበረችበትም።

"አባዬ፣ በአባትም በኩል ይተላለፋል ብላለች።"

"ጡት የሌለው ሰው የጡት በሽታ ያወርሳል?" ብለው ሳቁብኝ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀናም ሳትል፣ "ለዘር የሚሆን ወይፈን ሲመርጡ የእናቱን ወተት የሚጠይቁት፣ ወይፈኑን ሊያልቡት ነው?" አለቻቸው።

አባቴ ጣታቸውን እንደገና ዘረጉና አሁን ከእህቶቻቸው ጀመሩ። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ልጅ ሳለሁ የሞተችው አክስቴ ናት።

"ቡዳ በላት አልን እንጂ፣ ያመማትስ ጡቷን ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እስክሪብቶዬን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

"ጻፊያት።"