የከለከልሁት ቋንቋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሰባት ዓመት ልጄ ስምረት ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት አቃታት። አፏ ተከፈተ። ድምፅ አልወጣም። መምህሯ ቀና ሳይሉ ቀሪ ብለው መዘገቧት። ከኋላ የተቀመጡት «ኔትወርክ የላትም» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በፊትም አልፎ አልፎ ትንተባተብ ነበር፤ ያልፋል ብለን ትተነው ነበር። መምህሯ አስጠርተው፣ ሁለት ቋንቋ ተደበላልቆባት ይሆናል፣ ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ተናገሩ አሉኝ። እኔ የማውቀው አማርኛ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ አለምነሽ ግን ልጃችንን ያሳደገቻት በአዊኛ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ወሬ ማጣራት ነው። ይህን ግን ሳላጣራ ተቀበልሁ። አዊኛ ከለከልሁ።

«በአማርኛም እኮ ይይዛታል» አለች ባለቤቴ። አልሰማኋትም።

ልጅቱ ንግግር ቀነሰች። ውኃ ስትፈልግ በጣቷ ታሳያለች። ግምጃ ቤት ከተማ ያሉት የእናቷ ወገን አያቷ ሲደውሉ ስልኩን አትቀበልም። ኅዳር ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ቆጠርሁ። ጸበል ወሰድናት። አንድ ዘመድ የምላሷ ሥር ይቆረጥ አለ። ጭራሽ ትዘጋ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ምላሷን አይቶ፣ ጤነኛ ነው፣ እንዳትነኩት አለ። መምህራን ለማሠልጠን ዳንግላ ስለመጣች የንግግር ቴራፒስት የነገረኝም እሱ ነው። በማግስቱ ሦስታችንም በሚኒባስ ሄድን።

ቴራፒስቷ ከስምረት ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ ተጫወተች፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እገዳውን ነገርኋት።

«መንተባተብ ከሁለት ቋንቋ አይመጣም። አዊኛውን ይመልሱላት። ቃሏን አይጨርሱላት፤ ይጠብቁ። ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ቤት እንደገባን ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅሁ። «ለእሷ ንገራት» አለችኝ ወደ ስምረት እያየች። ነገርኋት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከራት በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ሬዲዮውን ዘግተን ከስምረት ጋር ብቻ እየተቀመጥን፣ እኛው ራሳችን ረጋ ብለን እያወራን፣ የጀመረችውን እስክትጨርስ መጠበቅ ተለማመድን፤ ቴራፒስቷም ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር በስልክ ትከታተለን ነበር። እሷንም ጤና መኮንኑንም አመሰግናለሁ። ልጃችሁ የሚንተባተብባችሁ ወላጆች፣ ምላስ አታስቆርጡ፤ ቋንቋ አትንፈጉ፤ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ባለሙያ ፈልጉ። እኔ ሁለት ወር አባክኛለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19 ቀን፣ ስምረት ግምጃ ቤት ላሉት አያቷ በአዊኛ አንድ ነገር አወራች። አራት ጊዜ ያዛት። አያቷ ጠበቁ። ምን እንዳለች ባለቤቴን ጠየቅሁ፤ ገበያ ውስጥ ጋሪ ላይ ዘሎ ስለወጣ ፍየል ነበር።