ኪቦርድ ላይ የተዘረጋች ፀጉር

በክትባት መጋዘኑ አብራን የሠራችውን ፕሮግራመር «እትዬ ጠርጥር» እንላት ነበር፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ከአፏ አይለይምና። የማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት በየተራ እያነበበ፣ የሞቀ ካገኘ ደወል የሚያስጮኽ አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈች። በእርሷ ኮምፒውተር ሲሞከር ጮኸ። በመጋዘኑ ኮምፒውተር ግን፣ አንዱን ባዶ ማቀዝቀዣ ለሙከራ ከፍታ ብታሞቀውም ዝም አለ።

ጥርጣሬዋ በመጋዘን ጠባቂው ላይ ወደቀ። «እኒህ ሰውዬ መብራት ሲጠፋባቸው እንዳይታወቅ ነካክተውታል። ነገ ለአለቃ ነግሬ አስነሳቸዋለሁ» አለችኝ። ማስረጃ እንዲሆናትም ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጫነችና፣ ከራሷ ላይ አንዲት ፀጉር ነቅላ በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ዘርግታ ሄደች።

በማግስቱ ፀጉሯ እንደተዘረጋች ነበረች፤ ማቀዝቀዣውን ዳግም ብታሞቀውም ደወሉ እንደ ትናንቱ ዝም። ያን ጊዜ ጥርጣሬዋን ወደ ገዛ ጽሑፏ አዞረች። «ሞቋል» የሚለውን ምልክት የሚይዘው፣ «ተለዋዋጭ» የሚባለው የፕሮግራሙ ቋት የሚሞላው በንባቡ ዙር ውስጥ ነበር። የእርሷ ኮምፒውተር ዙሩ ሲያልቅ ምልክቱን ይዞ ይወጣል። የመጋዘኑ ግን ዙሩን ለብቻው ነጥሎ ያስኬድና፣ እዚያ የተያዘውን ሁሉ እዚያው ያስቀረዋል። ከዙሩ ውጭ የቆመው የደወል ትእዛዝ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ትእዛዙን ወደ ውስጥ ብታስገባው መጋዘኑ በጩኸት ተናጋ።

ጠባቂው እየሮጡ መጡ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጠርጥሬዎት ነበር» አለቻቸው።

«ዐውቃለሁ፣ ልጄ። ፀጉርሽን አይቼ፣ እንዳትበጠስብሽ ብዬ ዛሬ የኪቦርዱን አቧራ እንኳ ሳልወለውል ተውኩት።»