የምሰሶው ፎቶና አኩራፊው አናጺ

የመስመር ተቆጣጣሪው ሥራ በእግር መሄድ ነው። ጠዋት ከቤቱ ይወጣና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን ተራ በተራ ይጎበኛል። እያንዳንዱን ከሥሩ በመዶሻ ቆርቆር ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ጤነኛ ምሰሶ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የበሰበሰ ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ፎቶ አንስቶ ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም ባልሳቀበት ነበር። እሱ ግን ደስ ያሰኘውን ምሰሶ ለቤተሰቡም ይልካል።

የቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን አሥራ አራት ሰው አለበት። የእህቱ ልጅ ድመቷን ትልካለች፦ ድመቷ ተኝታ፣ ድመቷ ተነስታ፣ ድመቷ ተመልሳ ተኝታ። ባለታክሲው የአጎታቸው ልጅ የተዘጋጋ መንገድና የፀሐይ መግቢያ ይልካል። እሱ ደግሞ ምሰሶ፣ ከነመግለጫው፦ «ይኼ ከሃያ ዓመት በላይ ቆሟል፤ አንድ ቀን አሞት አያውቅም።» «ሽቦው» የሚል ስም ያወጣችለት የእህቱ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ይኼኛው ከትናንቱ በምን ይለያል ብላ ብትጠይቀው፣ ቅር ሳይለው ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ ጠይቃው አታውቅም።

ለምን እንደሚልክ ሁሉም ያውቃል፤ የሚያነሳው ግን የለም። ታላቅ ወንድሙ አናጺው በዚያው ቡድን ውስጥ አለ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ጽፎ አያውቅም። ነገር ግን የሚላከውን ማን እንዳየ ሲታይ የእሱ ስም ሁሌም ከፊተኞቹ ነው። ያኮረፈ ሰው እንዲህ ነው፤ አፉን እንጂ ዓይኑን አይዘጋም።

የጠቡ መነሻ በር ነው። አናጺው ለወንድሙ ቤት በር ሠራለት። ዝናብ ሲጥል በሩ አበጠና አልዘጋ አለ። ወንድምየው ሌላ አናጺ ጠርቶ አስላገው። በቃ፣ ይኸው ነው። አናጺው ስድብ ቢሆን ይረሳው ነበር፤ የገዛ በሩን የሌላ ሰው መላጊያ ሲነካው ግን አንጀቱ አልቻለም። እጄን ብታስልገው ይሻል ነበር ብሎ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ።

አሁን ደግሞ ቀን ተቆርጧል። ሁለቱንም ያሳደገች ታላቅ እህታቸው ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ለሐሙስ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላታል። ሐሙስ ካለፋት ተራዋ የሚደርሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። እሷ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ካልወሰዷት ከቤቷ ንቅንቅ እንደማትል ቁርጡን ተናግራለች። «የምሄደው ለማየት ብዬ አይደል? ዓይኔ በርቶ እናንተን ጀርባና ጀርባ ሆናችሁ ካየሁ፣ ምኑን በራልኝ?» አለች። ባለታክሲው ለማስታረቅ ተላከ፤ አናጺው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪው ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለውን ረጅም ጥቁር ምሰሶ ፎቶ አነሳና ላከ። «የጥድ ምሰሶ ማለት እንዲህ ነው» ብሎም ጻፈበት።

ገና ስልኩን ኪሱ ሳይከት ነዘረው። አናጺው ነው። «ይኼ ጥድ አይደለም።»

የእህቱ ልጅ ልትልክ የነበረውን ድመት መለሰች። ዓይኗን ሞራ የጋረዳት እናቷም መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስነበበቻት።

እዚህ ላይ እሺ ማለት ነበረበት። ባለታክሲውም በግል መስመሩ እሺ በል፣ በእናትህ ብሎ ለመነው። እሱን ግን እልህ ያዘው፤ ሠላሳ ዓመት ከምሰሶ ጋር ኖሮ ስለ ምሰሶ ሊነገረው? ጥድ ነው ብሎ መለሰ። ባሕር ዛፍ ነው አለው አናጺው። ጥቁር የተቀባ እንጨት በፎቶ በምን ይታወቃል አለ ተቆጣጣሪው። ለዚህ የመጣው መልስ ረዘም ያለ ነበር።

«ስንጥቁ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አታይም? ሠላሳ ዓመት አቅፈኸው ስትወጣ ስትወርድ ምን ስታይ ነበር?»

«እንግዲያው መጥተህ እየዋ፣ ጋሼ።»

እስኪመሽ ምንም አልመጣም። የእህቱ ልጅ ስልኳን ስንቴ እንዳየች የምታውቀው ድመቷ ብቻ ናት። በመጨረሻ አንድ መስመር መጣ፤ «ነገ ጠዋት» ይላል።

ማክሰኞ አናጺው መሮ ይዞ መጣ። ሰላም ሳይል፣ ሐኪም ወደ በሽተኛው እንደሚያልፍ፣ ወንድሙን አልፎ ወደ ምሰሶው ሄደ። ጥቁሩን ፋቀ፣ ከሥሩ ቀላ ያለች ስንጥር አወጣና ወንድሙ አፍንጫ ሥር ደቀናት። ለዳቦ የተሰለፈው ሰው፣ ሁለት ሽበታም ወንድማማቾች ስንጥር ሲያሸቱ አፉን ከፍቶ ያያል። አንዷ ሴትዮ የሚሸት ጋዝ አለ እንዴ ብላ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

«ባሕር ዛፍ ነው፣ ጋሼ» አለ ተቆጣጣሪው።

አናጺው መሮውን አልከተተም። «ሌላስ?»

ሌላው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። «በሩ ሲጣበቅ አንተን መጥራት አፈርኩ። ሥራህን የነቀፍኩ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።»

«እና ሌላ ሰው ሲልገው የተመሰገንኩ መሰለህ?» አለና አናጺው ስንጥሯን አገላበጣት። ከዚያ ለእሷ የሚነግራት ይመስል፣ «እንጨቱ አልደረቀም ነበር» አለ። «ቸኩዬ ነው የሠራሁት። ያ ሰውዬ ገና ሲነካው ያውቅብኛል ብዬ ነው የተቃጠልኩት።»

ተቆጣጣሪው መዶሻውን አውጥቶ ምሰሶውን ከሥሩ መታ። ድምፁ ታፈነ። ከታች በስብሷል፤ ይኼንንስ በፎቶ አየኸው ወይ አለው። አናጺው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋና፣ «እስቲ ድገመው» አለ።

ሐሙስ በሆስፒታሉ ኮሪደር እህታቸው በሁለቱ መካከል ተቀመጠች። አንዱ አግዳሚው ወንበር ዝግባ ነው ይላል፤ ሌላው ይኼ ዝግባ ከሆነ እኔም ሐኪም ነኝ ይላል። ነርሷ መጥታ ስሟን ስትጠራ እህትየው ፈጥና ተነሳችና ክንዷን ያዘቻት።

«ልጄ» አለቻት፣ «ዓይኔን ከጨረሳችሁ በኋላ ጆሮዬን የምትደፍኑበት መድኃኒት አይጠፋችሁም መቼም።»