ተዝካሩ ካለፈ በኋላም መደገስ

መጀመሪያ መቀመጥ አቃተኝ።

ባለቤቴ ያረፈው በ1988 ነው፤ የምንኖረው መካኒሳ ነበር። ለአርባው ተዝካር ስንዴ ስለቅም፣ ጌሾ ስወቅጥ ጎረቤቶቼ «በርቺ፣ ሥራ ያስረሳል» ይሉኝ ነበር። ተዝካሩ ወጣ። እኔ ግን መልቀሜን አላቆምኩም። የለቀምኩትን ካልተለቀመው ደባልቄ እንደገና እለቅማለሁ። እንቅልፍ የለም። እህል አይወርድልኝም። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» አለ፤ እኔም አመንኩ።

ያላመኑት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ቆመው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰው አንዴ ነው የሚሞተው፤ ስንቴ ልትደግሺለት ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቄ አላቆም አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እግሬ ይዞኝ ወጣ። ለቡ ደረስኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ትዝ ያለኝ እዚያ ነው። የላምባ ምድጃው እየነደደ ነው። በሩን ከውጭ ቀርቅሬዋለሁ። የስድስት ዓመት ልጄ ሰናይት ውስጥ ናት።

ሮጥኩ።

ስደርስ እትዬ አስካለ ጭሱን አይተው መቀርቀሪያውን በመጥረቢያ ገንጥለው አውጥተዋታል። መጋረጃው ነዷል። ልጄ አልተነካችም። አልተቆጡኝም። «ነጠላሽን ደርቢ፤ ሐኪም ዘንድ ነው የምንሄደው» ብቻ አሉ።

ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ። በመጨረሻ «ሞትን ይመኛሉ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ።

«ዲፕሬሽን የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው። ስንፍና አይደለም፤ ይታከማል» አለኝ። አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ፤ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈጅ ብቻዬን እንዳልሆን አስጠነቀቀን። ጸበል እንደምጠመቅ ስነግረው፣ «ጸበልዎን አይተዉ፤ ክኒንዎንም አያቋርጡ» አለ።

እትዬ አስካለ እኛ ቤት እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት ሰናይትን አብረን ትምህርት ቤት እያደረስን፣ ባያሰኘኝም በሰዓቱ እህል እየቀመስኩ፣ የሚያስጨንቀኝንም ከመዋጥ ይልቅ ለእሳቸው እየነገርኩ፣ እንቅልፌ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ መቀመጥንም እንደ ሕፃን እንደገና ለመድኩ። ዛሬም አንዳንድ ቀን እግሬ ተነሽ ተነሽ ይለኛል፤ ሲደጋገምብኝ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ።

ሐዘን የደረሰባችሁ እህቶቼ፣ እንቅልፍና እህል ከራቃችሁ፣ ሞት ካማራችሁ፣ «ጠንካራ» ስለተባላችሁ አትዘግዩ። ዕለቱኑ ለአንድ ሰው ንገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለእኔ ፈጣሪ እትዬ አስካለን አስቀምጦልኛል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳልወጣ ጫማዬን ትደብቅ ነበር። አንዴ ዱቄት ዕቃ ውስጥ አገኘሁት። አንድ ሰኞ ግን ተወልውሎ በሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«እማዬ፣ ስትመለሺ ሙዝ ግዢልኝ» አለችኝ።