የሌላ ኮርማ ደም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴ ጾም ገደፍሁ፣ ሰው አማሁ እያልሁ ትንሽ ትንሹን ስናዘዝ፣ ይቺን አንቄ ይዣት ቀርቻለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚያ ይሆናል አፌ የተፈታው። ኮርማህ ይመርመር ስባል የሌላ ኮርማ ደም አስቀዳሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ቀበሌያችን ቁሐር ሚካኤል ላይ ኮርማዬን ጎበዜን የማያውቅ አልነበረም። ቡሬ ነው፣ ደረቱ ሰፊ። የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሲሸሽ ላም ያለው ሁሉ ሊያስጠቃ ወደኔ ደጅ ይነዳል። በኛ አገር ለኮርማ ዋጋ መቀበል ነውር ነው፤ ምርቃቱ ግን አይጣል! ገበያ ስወጣ «የጎበዜ ጌታ» ይሉኛል። መሬቴ ጠባብ፣ ስብሰባ ላይ ቃሌን የሚሰማኝ የሌለ ሰውዬ፣ በእሱ ሰው ሆንሁ።

አንድ ዓመት ሩዙ ሲደርስ የጎበዜ አንዱ ቆለጥ አብጦ አየሁ። አልቅት ነው አልሁ። እሱ ያጠቃቸው ላሞች መጨንገፍ ጀምረው ነበር፤ ያንንም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ። በዚያው ሰሞን የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሰበሰበን። ላም የሚያስጨነግፍ በሽታ ገብቷል፣ ኮርማም ያጋባዋል፣ ሰውንም በእንግዴ ልጁና ባልፈላ ወተት ይይዛል አለን። «ደሙ ያልታየ ኮርማ ላም እንዳይነካ። የታመመ ከተገኘ ለማራቢያ አይሆንም» አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። «እሰየው፣ ይታይ!» ብዬ ጮህሁ። አቤት ድፍረቴ!

በዋዜማው ጎበዜን ወዲያ ማዶ አማቼ ዘንድ ነዳሁት። ሐኪሙ ያንተንም ይይልህ ብዬ ዋሽቼ የእሱን ቡሬ ወይፈን አምጥቼ አሰርሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሩዝ አጨዳ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ለአገሩ እንግዳ ነው። «ጎበዜ የሚሉት ይሄ ነው?» አለኝ። አዎ አልሁ። ቀዳና ሄደ፤ በማግስቱ ጎበዜን መለስሁት። ንጹህ ነው የሚለው መልስ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እኔው ራሴ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ጎረቤቴ እትየ ጥሩዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። የላሞቹን መጨንገፍ ከሰሙ ወዲህ ላማቸውን አግደው ምርመራውን ሲጠብቁ ነበር። መጡና «ንጹህ ነው አሉ አይደል፣ አያሌው?» አሉኝ።

«ንጹህ ነው እትየ፣ ምን በወጣው!» አልሁ። ላማቸውን ነድተው አመጡ፤ ጎበዜ አጠቃት።

ምርመራ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ እኮ ይጠራጠሩ ነበር። እኔ ምርመራውን ራሱን ውሸት አደረግሁባቸው። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ላሚቱ ለመውለድ ስትቃረብ ጨነገፈች። ስደርስ እትየ የሞተውን ጥጃም እንግዴ ልጁንም በባዶ እጃቸው እየጎተቱ ያወጣሉ። በረቱ በር ላይ ቆሜ አየሁ። «እጅዎን!» ማለት ምን ነበረበት? የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ እያወቅሁ ዝም አልሁ። ጎበዜን በሳምንቱ ለሥጋ ሸጥሁት፤ አርጅቷል ብዬ።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣባቸው። ይተዋቸዋል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚነሱት። በኛ ሜዳ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ ወረታ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ የወባ ኪኒን ይዘው ይመለሳሉ። ስንት ዓመት! አንዴማ በበቅሎዬ ያደረስኋቸው እኔ ነኝ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ፊት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «ከብት ነክተዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሲጠፋ፣ እኔም አልተናገርሁም። መንገዱን ሙሉ መረቁኝ። ምርቃታቸው እስካሁን ያቃጥለኛል፤ ቁጭ ብል አልችል፣ ብተኛ አልችል።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። ትናንት አጥር ዘለቅ ብዬ ሳይ ከመደብ መነሳት አቅቷቸው በእጃቸው ይድሁ ነበር። ለእናንተ የነገርኋችሁም ምላሴን ላለማምድ ነው እንጂ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም። ማሩኝም አልልም፤ በምን አፌ? አሁን በቅሎዋን ጭኛለሁ። ወረታ ሐኪሙ ፊት፣ እሳቸው እየሰሙኝ እናገራለሁ። እትየ፣ ወባ አይደለም። ከኔ ኮርማ ነው የመጣብዎት፤ አውቄ ነው።